ኳሱን ወደየከተማው መልሱልን

ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማህበር
ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ክለብ ላላቸው የከተማ አስተዳደሮች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ክለቦች በገዛ ሜዳቸው በደጋፊያቸው ፊት እንዲጫወቱ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልን። እኔ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነኝ፣ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደኩ፣ ኳስ ነው ያሳደገኝ ብል አልዋሸሁም። ይሄን ደብዳቤ ምጽፈው ግን ለቡና ብቻ ብዬ አደለም፣ የጊዮርጊስም የፋሲልም የዲቻም የመቀሌም ደጋፊ የተነጠቀው አንድ አይነት ነገር ነው። መሀል ላይ ስለ ፖለቲካም ስለ ኑሮም ማነሳው ነገር አለ፣ ምክንያቱም እኛ ሀገር ኳስን ከነዚህ ነጥሎ ማውራት አይቻልም፣ የሞከረ ካለ ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ የሚካሄደው ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ላይ እየተሰበሰቡ በተመረጡ ከተሞች በዙር ነው። ያኔ ምክንያቱ ኮሮና ነበር፣ ገብቶናል፣ ማንም አልተከራከረም። አዲስ አበባ ተጀመረ፣ ከዛ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳ እያለ ዞሮ አለቀ። በዛው አመት ዲኤስቲቪ ሊጉን በሱፐርስፖርት ማስተላለፍ ጀመረ፣ ለ5 አመት 68 ሚሊዮን ዶላር የተባለለት ውል ነው፣ እኔም ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ የኛ ልጆች በጥሩ ካሜራ፣ በሪፕሌይ፣ አፍሪካ ሁሉ እያያቸው ሲጫወቱ ማየት ትልቅ ነገር ነው እኮ። ግን ኮሮናው ሄደ፣ ማስኩ ወለቀ፣ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፣ ሰርጉም ለቅሶውም እንደ ድሮው ሆነ፣ ኳሱ ብቻ ወደ ቤቱ ሳይመለስ ቀረ። ጊዜያዊ የተባለው አሰራር ቋሚ ሆነ፣ መቼ ቋሚ እንደሆነ ደሞ ለደጋፊ ቁጭ ብሎ ያስረዳ የለም።

እስቲ ፋሲል ከነማን አስቡት። በ2013 በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ በላ። የጎንደር ህዝብ ፋሲለደስ ስታዲየምን ጢም አርጎ እየሞላ ያሳደገው ክለብ ነው፣ ዋንጫው ሲነሳ ግን ጎንደሬው በስክሪን ነው ያየው። ሻምፒዮን በሆነበት አመት አንድም የሊግ ጨዋታ ከተማው ላይ አልተደረገም። እኔ የፋሲል ደጋፊ አደለሁም፣ ዋንጫውንም ለቡና ነበር የምመኘው፣ ግን ያን ቀን ለጎንደር ልጆች አዝኛለሁ። አፄዎቹን (ፋሲሎችን ማለቴ ነው) አፄ ያረጋቸው ያ ህዝብ ነው እኮ፣ ተጫዋች ሲደክመው ከኋላ ሚገፋው እሱ ነው። ወላይታ ዲቻም እንደዛው፣ በ2010 የግብጹን ዛማሌክን የሚያክል ክለብ በኮንፌዴሬሽን ካፕ በመለያ ምት ከውድድር ያስወጣ ቡድን ነው፣ ያን ወኔ ከየት አመጣው ብትሉ መልሱ ሶዶ ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

የአዲስ አበባ ስታዲየምን ነገር ሳነሳ ትንሽ ልርዘም፣ አትከፉብኝ። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ፤ እነዚህ ስሞች ለኛ የመቀመጫ ስም ብቻ አልነበሩም፣ ሰው ሲተዋወቅ "የት ነው ምትቀመጠው" ብሎ ነበር የሚጠያየቀው። ሸገር ደርቢ፣ የቡናና የጊዮርጊስ ግጥሚያ፣ ሲሆን ጨዋታው 10 ሰዓት ላይ ይሁን እንጂ 6 ሰዓት ላይ በርካሽ ቲኬት የሚገባበት ቦታ ሞልቶ ሰው ይዘፍናል፣ በአንዱ በኩል ቡናማና ቢጫ፣ በሌላው በኩል የፈረሰኞቹ ብርቱካናማ፣ መሀል ላይ ሱፍና ለውዝ የያዙ ልጆች ከእግር እግር እየዘለሉ ይሸጣሉ፣ ሂሳቡ ከታች እስከ ላይ በማታውቀው ሰው እጅ እየተቀባበለ ይሄዳል መልሱም በዛው እጅ ይመለሳል፣ አንድም ሰው ኪሱ አይከተውም። ይሄን በአይኔ አይቼ ነው ያደኩት። ባንክ ቤት የሚሰራው ሰውዬ፣ የታክሲ ረዳቱ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ሊስትሮው አንድ ሲሚንቶ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ለ90 ደቂቃ ስለ አንድ ነገር ብቻ ይጨነቃሉ። እንደዚ አይነት ቦታ ከተማው ውስጥ ስንት ቀረን? ካፌው በኪስ ተለይቷል፣ ሰፈሩም እየተለየ ነው፣ ትምህርት ቤቱማ ድሮ ተለይቷል።

ሽማግሌዎቹ ደሞ ነበሩ። ከጎንህ ተቀምጠው ጨዋታው ሲቀዘቅዝ ጥር 13 ቀን 1954ን ያወሩልሃል፣ ግብጽን (ያኔ የተባበረችው አረብ ሪፐብሊክ ነበር ስሟ) በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳንበት ቀን። ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል፣ ወንድሙ ኢታሎ አንድ ጎል፣ መንግስቱ ወርቁ ሁለት ጎል፣ ግርማ ተክሌም አለ። ወጣቱ ይሄን ከመጽሐፍ አላነበበውም፣ እዛው ሜዳ ላይ "ይቺ ጎል እዚ ጋ ነው የገባችው" እየተባለ በጣት ነው የተማረው። ካፍን (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን) በ1949 ከመሰረቱት ሀገሮች አንዷ ነን፣ ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 እስከ 1979 ካፍን በፕሬዝዳንትነት የመራ ሰው ነው፣ የዚህ ሁሉ ታሪክ ማስታወሻ ያ ስታዲየም ነው። ለእድሳት ተብሎ ሲዘጋ አልተቃወምኩም፣ ሽንት ቤቱ ሽንት ቤት አልነበረም፣ ሴት ደጋፊዎች ስንት ጊዜ በዚህ ምክንያት ቀርተዋል፣ መታደስ ነበረበት። ግን እድሳት ማለት ለአመታት ዝም ብሎ መዝጋት አደለም። ያኔ የ8 አመት ልጅ የነበረ አሁን ጎረምሳ ሆኗል፣ አንድ ቀን እንኳን ስታዲየም ገብቶ ቡና ሲጫወት አላየም፣ የቡና ደጋፊ ሁን ብዬ ምን ብዬ ላሳምነው? በ1990 የግብጹን አል አህሊን ከውድድር ያስወጣ ክለብ ነው ብለው "አል አህሊን አውቃለሁ፣ ቡና የት ነው ሚጫወተው?" ይለኛል። ልጁ ጥያቄው ልክ ነው።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት የፈለጋችሁት ዲኤስቲቪ ቤት ግቡ። ትልቁ ስክሪን ላይ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ፣ ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ ላይ የኛ ሊግ ድምጹ ጠፍቶ። ማንም "ድምጽ ስጡልን" አይልም። እኔም አርሰናልን እወዳለሁ፣ ሰው ለምን እንግሊዝ ኳስ ያያል ብዬ አልከራከርም፣ ጥሩ ኳስ ነው ይታይ። ግን ያቺን ትንሿን ስክሪን ቀና ብለው ከሚያዩት አብዛኞቹ የቤቲንግ ቲኬት የያዙ ልጆች ናቸው። "ሲዳማ ቡና ጎል ካላገባ ተበላሁ" ይላል አንዱ፣ የሲዳማ ቡናን አንድ ተጫዋች ጥራ ብትሉት አያውቅም። ልጆቹን አልወቅስም፣ ስራ የለም፣ ኑሮው በየቀኑ ይጨምራል፣ ሰው በ50 ብር ተስፋ ሊገዛ ይሞክራል። ቁጭት ሚሆንብኝ ያ 50 ብር ድሮ የስታዲየም መግቢያ ነበር፣ ከተሸነፍክም እየዘፈንክ ነው ምትወጣው፣ ጓደኛ ይዘህ ነው ምትወጣው። ፈቃድ የሚሰጠው አካል ለእድሜ ቁጥጥሩ የምሩን ይጠንክር፣ እሱን ለብቻው እላለሁ፣ ግን ወጣቱን ከቤቲንግ ቤት ሚያወጣው ስብከት አደለም፣ ሌላ መሄጃ ሲኖረው ነው የሚወጣው።

ወደ ፖለቲካው ልምጣ። የዙር ውድድሩን የሚደግፉ ሰዎች አንድ ጠንካራ ክርክር አላቸው፣ እሱን ዘልዬ ባልፍ ሀቀኛ አልሆንም። በ2010 እና በ2011 አካባቢ ስታዲየሞቻችን ውስጥ የነበረውን ሁሉም ያስታውሳል። ክለብ የብሄር ተወካይ ሆኖ፣ መዝሙሩ ስድብ ሆኖ፣ ድንጋይ ተወርውሮ፣ ጨዋታ ተቋርጦ፣ ይሄኛው ክለብ እዛኛው ከተማ አይሄድም ገለልተኛ ሜዳ ይሁን እየተባለ። አስፈሪ ነበር። ከዛ ሊጉ በዙር ሆነና ድንጋዩ ቆመ፣ ስለዚ "ሰላም ሆነ" ይላሉ።

እኔ ግን ድንጋዩ የቆመው ሰው ስለሌለ ነው እላለሁ። ሰው በሌለበት ሜዳ ጸብ አለመኖሩ እርቅ አደለም። ያኔ ጸቡን ያመጣው ኳሱ ነው እንዴ? ፌስቡክ ላይ ሲዘራ የከረመው፣ ስብሰባ ላይ ሲባል የከረመው ነው ሜዳ ላይ የፈነዳው። ጥፋቱን የሰራው ግለሰብ ተለይቶ ይቀጣ፣ ከስታዲየም ይታገድ፣ ክለቡም ነጥብ ይቀነስበት፣ ከተማ ሙሉ ህዝብ ግን ለአመታት ክለቡን እንዳያይ አይቀጣም።

መቀሌ 70 እንደርታ በ2011 ሻምፒዮን ነበር። ከዛ ጦርነት መጣ፣ የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ጠፉ፣ ስንት ነገር አብሮ እንደጠፋ እዚህ አልዘረዝርም፣ የሁላችንም ቁስል ነው። በ2017 መቀሌ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲመለሱ እኔ ቡና ደጋፊው አልቅሻለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን በተመለሱበት አመት የተጫወቱት ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ሀዋሳ ነው። መቀሌ ላይ ያለው ሰው፣ ያን ሁሉ መከራ ያሳለፈው፣ ክለቡ ሲመለስ ቆሞ ሊያጨበጭብለት አልቻለም። የጎንደር ቡድን በአውቶቡስ መቀሌ ገብቶ፣ ሆቴል አድሮ፣ ተጫውቶ፣ የመቀሌው ቡድን ደሞ በተራው ጎንደር ሄዶ የሚመለስበትን ቀን እኔ በህይወቴ ማየት እፈልጋለሁ። ሀገራዊ ምክክር ይባላል፣ ኮሚሽንም ከተቋቋመ ቆየ፣ ጥሩ ነው ይመካከሩ፣ ግን ተራው ሰው አዳራሽ አይገባም፣ ተራው ሰው የሚገባው ስታዲየም ነው። ጊዜው ዛሬ አይፈቅድም ከተባለ እሺ፣ መቼ እንደሚፈቅድ ግን በየአመቱ በግልጽ ይመዘን እንጂ ዙሩ እንደ እጣ ፈንታ አይቆጠር።

ከሜዳ ውጪ መሄድ ራሱ ምን ያህል ሰው እንደሚሰራ የሄደ ያውቃል። ለጨዋታ ሀዋሳ ስትሄድ ጠዋት አሞራ ገደል ላይ አሳ ትበላለህ፣ ከጎንህ የሀይቆቹ፣ የሀዋሳ ከተማ፣ ማልያ የለበሰው ልጅ "ዛሬ 3 ነው ምናገባባችሁ" ይልሃል፣ ትስቃላችሁ፣ ሎሚውን ያቀብልሃል። ስለ ሲዳማ ህዝብ በቲቪ ከሰማሁት ሁሉ ከዛ ገበታ ላይ የተማርኩት ይበልጥብኛል። የከተማ አስተዳደሮችም ይሄን አስቡበት፣ ደጋፊ ሲመጣ ባጃጁ፣ አልጋ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ፣ ማልያ አዟሪው ሁሉ ይሰራል። አሁን ያ ገንዘብ ዙሩን ያስተናገዱ ጥቂት ከተሞች ጋር ነው ሚቀረው፣ እናንተ ግን በጀታችሁን ከህዝብ ካዝና ለክለቡ ደሞዝ ትከፍላላችሁ፣ የከፈለው ህዝብ ደሞ ክለቡን አያይም። የአርባ ምንጭ ነዋሪ ለማያየው ቡድን በጀት ሲመደብ ዝም የሚለው ስለሚወደው ብቻ ነው።

ስለ ብሄራዊ ቡድኑም ትንሽ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ሱዳንን 2 ለ 0 ያሸነፍንበትን ቀን የማያስታውስ አለ? ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተን፣ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አግብተው፣ ከ31 አመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባን፣ አዲስ አበባ እስከ ንጋት አልተኛችም። በሰኔ 2014 ደሞ ግብጽን፣ አዎ ግብጽን፣ 2 ለ 0 አሸነፍን፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። የት? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። የኛ "ሜዳ" እዛ ነበር ምክንያቱም ሀገር ውስጥ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም አልነበረንም። ከዛ በፊት ጋናን ጆሃንስበርግ፣ ከዛ በኋላ ሞሮኮ ድረስ ሄደን እንግዳ ተቀብለናል። ያ የግብጽ ድል አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አስቡት፣ አንድ ትውልድ ሙሉ ኳስ ተጫዋች መሆን ይፈልግ ነበር።

በጥቅምት 2017 የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ እ.ኤ.አ. የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ ማዘጋጀት እንደምንፈልግ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ተነገረ። እኔ እደግፋለሁ፣ ከልቤ። አደይ አበባ ስታዲየም 62 ሺ ሰው ይይዛል ተብሎ ነው የተጀመረው፣ ያልቅ፣ ያምር። ግን 62 ሺ ሰው ከየት ነው ሚመጣው? ስታዲየም መግባት ልማድ ነው፣ ልጅ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ነው ሚለምደው። ለአመታት ባዶ ወንበር ፊት የተጫወተ ሊግ ይዘን ደጋፊ በአንድ ቀን አይፈጠርም። በ2016 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የሴካፋ (የምስራቅና መካከለኛው አፍሪካ) ሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ የንግድ ባንክ ሴቶች በገዛ ህዝባቸው ፊት አሸንፈው ወደ አፍሪካው ውድድር አለፉ፣ ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

ለኮሪደር ልማቱም ምስጋናዬን ላስቀምጥ፣ በየሰፈሩ የተሰሩት ሰው ሰራሽ ሳር ያላቸው ትናንሽ ሜዳዎች ማታ ማታ መብራት በርቶ ልጅ ሲጫወትባቸው ሳይ ደስ ይለኛል። ለሰፈር ልጅ በነጻ ክፍት ሆነው ይቆዩ፣ ሌላ አልልም።

እና ምን ትጠይቃለህ ብትሉኝ፣ ነገ ጠዋት ሁሉም ወደ ቤቱ ይግባ አላልኩም። የማስተላለፊያው መኪና፣ ኦቢ ቫኑ፣ በአንድ ሳምንት ስምንት ከተማ መድረስ እንደማይችል ይገባኛል። ግን ሁሉም ጨዋታ በ10 ካሜራ መተላለፍ የለበትም፣ በሳምንት ሁለት ሶስት ትልልቅ ጨዋታ በሙሉ ፕሮዳክሽን ይተላለፍ፣ የቀረው በአንድ ሁለት ካሜራ በዩቲዩብ ይሂድ፣ ደጋፊው ሜዳ ላይ ከሆነ ቅሬታ የለውም። መብራት የሌለው ስታዲየም 9 ሰዓት ላይ ያጫውት፣ ስንት አመት እንደዛ ስንጫወት ኖረን የለ። የየስታዲየሙን ጉድለት ደሞ በዝርዝር አውጡት፦ ሶዶ ምን ይጎድለዋል፣ ፋሲለደስ ምን ይጎድለዋል፣ ሳሩ ነው ወይስ መልበሻ ክፍሉ ወይስ የአምቡላንስ መግቢያው፣ ማን ነው ሚሰራው፣ እስከ መቼ። ዝርዝሩ ከወጣ ደጋፊው ራሱ ከንቲባውን ይጠይቃል፣ አሁን ግን "መስፈርቱን አያሟላም" ከሚል አንድ አረፍተ ነገር ውጪ ምንም ስለማንሰማ ማንን እንደምንጠይቅ አናውቅም። ለመነሻ ያህል በመጀመሪያው ሲዝን እያንዳንዱ ክለብ ቢያንስ አምስት ጨዋታ በከተማው ያድርግ፣ ጸጥታው ይታይ፣ ገቢው ይታይ፣ ከዛ ይጨመር። የሸገር ደርቢ ደሞ አዲስ አበባ ላይ ይሁን፣ ይሄን እንኳን መጠየቄ ራሱ ይገርመኛል።

የደጋፊ ማህበራትንም አስገቡን። አስተባባሪ በቢጫ ጃኬት አቁመን በሩን የምንጠብቅ፣ ስድብ የሚያስጀምረውን ልጅ በስሙ የምናውቀው እኛ ነን፣ ከፖሊስ በፊት እኛ እንደርስበታለን። እስካሁን ግን ውሳኔው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ከቴሌግራም ላይ የምናነበው።

መልሳችሁን የቀጣዩ ሲዝን መርሃ ግብር እጣ ከመውጣቱ በፊት አውጡልን። አይሆንም ከሆነም አይሆንም በሉን፣ ግን ከነምክንያቱና ከነቀኑ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ
አዲስ አበባ